እናታቸው ማረፋቸውን ሳላውቅ «እማማስ ደህና ናቸው?» ብዬ ጠየቅሁት፤ አሁን እንዴት ብዬ ለቅሶ ልድረስ?

የድሮው ሰፈርተኛ
ማክሰኞ፣ መስከረም 27 ቀን 2018 ዓ.ም.፣ ከምሽቱ 4 ሰዓት

ስሜን ሳልገልጽ የምጽፈው የደረሰብኝ ነገር ስላሳፈረኝ ነው። እኔና ይህ ወዳጄ ያደግነው ፒያሳ፣ ዶሮ ማነቂያ ውስጥ በአንድ ግቢ ነው። ቤታችንን የሚለየው አንድ የጭቃ ግድግዳ ብቻ ስለነበር እናቱ ቡና ሲወቅጡ የሙቀጫው ድምፅ እኛ ቤት ድረስ ይሰማ ነበር። በ2016 ዓ.ም. ሰፈሩ በኮሪደር ልማቱ ምክንያት ሲነሣ እነርሱ ገላን ጉራ፣ እኛ ቦሌ አራብሳ ደረሰን፤ ከዚያ ወዲህ በበዓል ከምንለዋወጠው የስልክ ሰላምታ በቀር ተገናኝተን አናውቅም ማለት ይቻላል።

ዛሬ ከቀኑ 9 ሰዓት ገደማ አራት ኪሎ ላይ ወደ መገናኛ የሚሄድ ሚኒባስ ስገባ ከኋላ ወንበር ተቀምጦ አገኘሁት። ተሳሳምን። ጥቁር ጃኬት ለብሷል፤ ጢሙም አድጓል። እኔ ደግሞ እንደ ዘመኑ ልጆች ለመልክ ያሳደገው መስሎኝ «አንተም ፋሽን ጀመርህ?» አልሁት፤ ፈገግ ብሎ ዝም አለ። ስለ ሥራና ስለ ልጆች ትምህርት ቤት ክፍያ ጥቂት ካወራን በኋላ «እማማስ ደህና ናቸው?» ብዬ ጠየቅሁት። ፊቱን ወደ መስኮቱ አዙሮ ጥቂት ቆየና «እግዚአብሔር ይመስገን» አለኝ። እኔም ዝምታውን ሳላስተውል «ሰላም በልልኝ፤ አንድ ቀን መጥቶ ቡናሽን ይጠጣል በላት» ብዬ ጨመርሁበት። «እሺ፣ እላለሁ» አለ። ረዳቱ ሂሳብ ሲሰበስብ የእኔንም ጨምሮ ከፈለ፤ መገናኛ ስንደርስም ተለያየን።

ማታ ስለ እቁባችን ጉዳይ ለአንዲት የድሮ ጎረቤታችን ደወልሁና ከእርሱ ጋር መገናኘታችንን አነሣሁባቸው። «እንዴት ሆኖ አገኘኸው ልጄ? እናቱን ከቀበረ ወር አለፈው እኮ» አሉኝ። ያረፉት ጳጉሜን 2 ቀን ኖሯል። ወዲያው የሰፈሩን የቴሌግራም ቡድን ከፍቼ ወደ ኋላ ብመለስ፣ ከአደይ አበባዎቹ የእንቁጣጣሽ ሥዕሎች በላይ የእረፍታቸው መልእክት ከነፎቶግራፋቸው ተቀምጧል። የቡድኑን ድምፅ ያጠፋሁት ነሐሴ ላይ ነበር፤ «ለአሥር ሰው ላኩ» የሚል መልእክት በዝቶብኝ።

ጥያቄዬ ይህ ነው። አርባቸው የሚውለው ጥቅምት 6 ቀን ነው። ከዚያ በፊት ልሂድ ወይስ ለአርባው ከሰው ጋር ተቀላቅዬ ልግባ? ብሄድስ ምን ብዬ እገባለሁ? «አልሰማሁም» ብል እውነት ነው፤ መልእክቱ ግን ወር ሙሉ በኪሴ ውስጥ ነበር። እንቅልፍ የነሣኝ ደግሞ ሌላ ነገር ነው፦ ሐዘንተኛ የእኔን የታክሲ ሂሳብ ከፍሎ፣ በዚያ ላይ ለሟች እናቱ ሰላምታ ተቀብሎልኝ መሄዱ።

የአምስት ልጆች እናት
ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 5 ሰዓት

ልጄ፣ በመጀመሪያ ነፍሳቸውን ይማር። አርባውን አትጠብቅ። የአርባ ቀን ሰው የሚመጣው ለተዝካሩ ነው፤ ድንኳኑ ይሞላል፣ ቤተ ዘመዱ ምግብ ሲያቀርብ ይውላል፣ አንተም ከብዙ ሰው መካከል ተሸሽገህ በልተህ ትወጣለህ። ያ ለአንተ ይቀልሃል፤ ለእርሱ ግን ለቅሶ እንደ ደረስህ አይቆጠርም። ከዚያ በፊት ባለው ቅዳሜ ጠዋት ባለቤትህን ይዘህ ሂድ፤ እርሷም ነጠላዋን እንደ ለቅሶ ደራሽ አዘቅዝቃ ትልበስ።

ስልክ ደውለህ «ልመጣ ነው» አትበል። ለቅሶ ቤት በቀጠሮ አይኬድም፤ ከደወልህለት «ግድ የለም፣ አትቸገር» ማለቱ አይቀርም፤ አንተም ያን ይዘህ ትቀራለህ። አሁን የኮንዶሚኒየም ኑሮ ሰውን ሁሉ በቀጠሮ አድርጎታል፤ ይህ አንዱ ግን ባይለወጥ እመርጣለሁ።

ስትገባ ስለ ቴሌግራሙ አትተርክ። ተቀመጥ፤ ዝም በል። እርሱ ወሬ ሲጀምርልህ ያን ጊዜ «ታክሲ ውስጥ ስጠይቅህ አላወቅሁም ነበር» በለው፤ በዚያው ይብቃህ። ለቅሶ ቤት ገብተው የራሳቸውን ምክንያት ግማሽ ሰዓት የሚያስረዱ ሰዎች አሉ፤ ሐዘንተኛው መልሶ እነርሱን ሲያጽናና ይውላል።

ቀጥተኛው
ረቡዕ፣ መስከረም 28 ቀን፣ ከጠዋቱ 1 ሰዓት

እኔ በዚህ አልስማማም። ሰውየው ሐዘኑን ለእርስዎ ሊነግር ባለመፈለጉ ነው «እግዚአብሔር ይመስገን» ያለው። ይህን ያህል ግልጽ የሆነ ምልክት ከሰጠዎ በኋላ ቤቱ ድረስ ሄዶ ቁስሉን መቀስቀስ ሐዘንተኛውን ሳይሆን የራስን ኅሊና ማጽናናት ነው። በጥሩ አማርኛ አጭር መልእክት ይጻፉለትና ይተዉት።

ወጣቷ ጠያቂ
ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ተኩል

«በጥሩ አማርኛ አጭር መልእክት» የተባለውን ሳነብ አጎቴ ትዝ አሉኝ። ባለቤታቸው ባረፉ ጊዜ ከመጡላቸው የስልክ መልእክቶች ሰባቱ ቃል በቃል አንድ ዓይነት ነበሩ፤ አንዱማ የሌላ ሟች ስም ሳይለወጥበት ነው የተላከው። እርሳቸው ግን በቁጣ ፈንታ ሳቁ፤ በሐዘኑ ውስጥ ያሳቃቸው እርሱ ብቻ ነበር።

አንድ ጥያቄ ግን አለኝ። ለቅሶ ዘግይቶ የሚደርስ ሰው ባዶ እጁን ይሄዳል ወይስ የሚይዘው ነገር አለ? እኛ ትውልድ ይህን ማንም አላስተማረንም።

የእድር ጸሐፊ
ረቡዕ፣ ከቀኑ 6 ሰዓት

ላለፉት በርካታ ዓመታት የአንድ እድር ጸሐፊ ሆኜ ስላገለገልሁ፣ ጉዳዩን ከመዝገብ ጠባቂው ወገን ላስረዳ።

በድሮው ሰፈር «አልሰማሁም» የሚባል ምክንያት አልነበረም። ሰው ሲያርፍ ጥሩምባ ነፊያችን ገና ሳይነጋ በየመንደሩ መግቢያ እየቆመ የሟቹን ስምና የቀብሩን ሰዓት ይለፍፋል፤ ተኝቶ የነበረው ይነሣል፤ ያልሰማውን ጎረቤቱ በር መትቶ ይነግረዋል። ከቀብር የቀረ አባል ይቀጣል፤ ቅጣቱም ገንዘቡ ትንሽ ቢሆን በወሩ ስብሰባ ስም ተጠርቶ የሚከፈል ስለሆነ ይከብዳል። ዛሬ አባሎቻችን ገላን ጉራ፣ አራብሳ፣ ሌላም ሌላም ቦታ ተበትነዋል። ገንዘባቸውን ተካፍለው የፈረሱ እድሮች እንዳሉ አውቃለሁ፤ እኛ አላፈረስንም፣ ነገር ግን ጥሩምባውን በስልክ ተክተነዋል። የተካነው በእርግጥ ጥሩምባውን ብቻ ነው፤ በር የሚመታውን ጎረቤት መተካት አልቻልንም። የሞት መልእክት ስለጥፍ ስንት ሰው እንዳየው ቁጥሩ ይወጣል፤ ከአባሎቻችን ቁጥር ጋር ሲተያይ ሁልጊዜ ይጎድላል። ስለዚህ አሁን በየሰፈሩ አንዳንድ ሰው መድበን፣ እርሱ ለአሥርና ለአሥራ ሁለት ቤት በድምፅ ይደውላል። «አየሁት» የሚለውን ምልክት አንቀበልም፤ ማረጋገጫችን «ሰምቻለሁ» የሚል የሰው ድምፅ ነው።

በዚህ ሚዛን ሲታይ፣ ጠያቂው ወንድማችን አልሰማም። ኪሱ ውስጥ የነበረ ጽሑፍ አልተለፈፈለትም። ድምፁን ማጥፋቱ ጥፋት ነው፤ ቢሆንም ጥፋቱ ቀላል ነው፤ እኔ ራሴም የስንቱን ቡድን ድምፅ አጥፍቻለሁ።

ለእህታችን ጥያቄ፦ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ጎረቤት የሚወስደው እዝን ነው፤ ሐዘን ቤት እሳት ስለማይነድ እንጀራና ወጥ፣ ንፍሮ፣ አሁን አሁን ደግሞ የታሸገ ውኃ። ወር ካለፈ በኋላ እዝን ይዞ መምጣት ጊዜው ያልፍበታል። ቡናና ስኳር ይበቃል። ገንዘብ መስጠት ካስፈለገ ለሐዘንተኛው ሳይሆን ከእህቶቹ ወይም ከአክስቶቹ ለአንዷ፣ ለአርባው ዝግጅት ተብሎ በእጅ ይሰጣል።

የሐዘን ቤት ልጅ
ረቡዕ፣ ከምሽቱ 2 ሰዓት

በታክሲው ውስጥ ፊቱን ወደ መስኮቱ ያዞረው ሰው እኔ ነኝ ማለት እችላለሁ፤ እርሱን ባላውቀውም።

አባቴ ባረፈ በሦስተኛው ሳምንት አትክልት ተራ ቲማቲም ስመርጥ የድሮ መምህሩ የነበሩ ሴት አገኙኝና «አባትሽስ?» አሉኝ። «ደህና ነው» አልኋቸው። ቤት ስገባ ለምን እንደዋሸሁ ራሴን ስጠይቅ ቆየሁና መልሱን ያገኘሁት ዘግይቼ ነው። እኛ አገር ሞት እንዲሁ አይነገርም። መርዶ ወግ አለው፤ ዘመድ ተሰብስቦ ገና ሳይነጋ ይመጣል፣ የሚይዝ ሰው አጠገብ ይቀመጣል፣ ልብስ ይዘጋጃል፣ ከዚያ በኋላ ነው ቃሉ የሚወጣው። እኒያን ሴት ከቲማቲም ክምር አጠገብ ቆሜ፣ ዘንቢላቸውን እንደያዙ እንዴት ላርዳቸው? እርሳቸው ቢጮኹ ማን ይይዛቸዋል? እኔም አብሬ አነባለሁ፤ ሻጩም ሚዛኑን ይዞ ያየናል። «ደህና ነው» ማለት በዚያች ደቂቃ ለሁለታችንም የቀለለው መንገድ ነበር።

ስለዚህ «ቀጥተኛው» የተባሉት ወንድሜ ምልክቱን ያነበቡት በተቃራኒው ይመስለኛል። ወዳጅዎ ሐዘኑን ሊደብቅዎ አልፈለገም፤ ረዳቱ «ወራጅ አለ?» እያለ በሚጮኽበት ታክሲ ውስጥ ሊያረዳዎ አልቻለም። ያን ካደረገልዎ በኋላ ሳይመጡ ከቀሩ ግን፣ ሌላ ሰው እንደነገረዎና ሰምተው እንደቀሩ ማወቁ አይቀርም። እኒያ መምህር ሰምተው በሁለተኛው ወር መጡ። በር ላይ «አንቺ ልጅ፣ ቲማቲሙን አስመርጠሽ ላክሽኝ» ብለው አለቀሱ። ከመጡት ሁሉ ያልረሳሁት የእርሳቸውን ነው።

ቀጥተኛው
ረቡዕ፣ ከምሽቱ 3 ሰዓት

እህቴ ያሉትን ተቀብያለሁ። መርዶውን በዚህ በኩል አላሰብሁትም ነበር። በመልእክቱ ጉዳይ ግን አቋሜን ሙሉ በሙሉ አላነሣም፤ ሰው ሁሉ እንደ እርስዎ አይደለም።

አቡ ኻሊድ
ሐሙስ፣ መስከረም 29 ቀን፣ ከጠዋቱ 3 ሰዓት

በእኛም ዘንድ ይኸው ጥያቄ ስላለ ጥቂት ልጨምር። ተዕዝያ፣ ማለት ሐዘንተኛን ማጽናናት፣ በተለምዶ እስከ ሦስተኛው ቀን ነው፤ ከዚያ በኋላ ማጽናናት ጋብ ያለውን ሐዘን ስለሚያድስ ይጠላል የሚሉ ሊቃውንት ብዙ ናቸው። ነገር ግን እነዚሁ ሊቃውንት ከአገር ርቆ ለነበረና ላልሰማ ሰው በሩን ክፍት ትተውለታል፤ ሲመለስ ወይም ሲሰማ ያጽናናል። የተጠላው አውቆ የዘገየው ነው። ወንድማችን ከማክሰኞ ማታ ጀምሮ ያወቀ ሰው ሆኗል፤ ስለዚህ ቀኑ መቆጠር የጀመረው አሁን ነው ብል አልሳሳትም።

ስለ ታክሲው ሂሳብ መጨነቁን ግን ይተወው። ሰው ለወዳጁ በደስታም በሐዘንም ይከፍላል።

ከሲልቨር ስፕሪንግ
ሐሙስ፣ ከምሽቱ 4 ሰዓት

እኔ የምኖረው ሜሪላንድ ውስጥ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው፤ እዚህም ለቅሶ አለ፣ ሰዓቱ ግን ይለያል። አንድ ሰው አገር ቤት እናቱ ሲያርፉ እኛ ቀድመን እንሰማለን፤ እርሱ ከሥራ የሚወጣበትን ሰዓት ጠብቀን፣ አንዳንዴም ቅዳሜ እስኪደርስ ወሬውን ይዘን ቆይተን፣ አሥርና አሥራ አምስት ሆነን በጠዋት በሩን እናንኳኳለን። ቅዳሜን ስንጠብቅ ግን ፌስቡክ ይቀድመናል። አንድ ወዳጃችን የአባቱን ሞት ያወቀው ምሳ እየበላ፣ አገር ቤት ያለ አንድ ወጣት በለጠፈው ፎቶግራፍ ነው።

ልጽፍ የፈለግሁት ግን ስለ ራሴ ነው። በ2012 ዓ.ም. የአንዲት ጓደኛዬ ወንድም አዲስ አበባ ውስጥ አረፈ። ጊዜው የኮሮና ነበር፤ እዚያ ሚያዝያ ላይ በአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ ከአራት ሰው በላይ መሰብሰብ ተከልክሎ ስለነበር የእርሷም ቤተሰብ ድንኳን አልጣለም፤ እኛም እዚህ ከቤት አልወጣንም። «ነገር ሲከፈት እሄዳለሁ» አልሁ። ስልኩንም ያልደወልሁት «በስልክማ እንዴት ይሆናል» ብዬ ነው። ነገር ሲከፈት ዘግይቶብኝ ነበርና አፈርሁ፤ ስላፈርሁም ሳምንት ጨመርሁ፤ ሳምንቱ ወር፣ ወሩ ዓመት ሆነ። እርሷ የምትገበያይበትን ሱቅ ትቼ ሩቅ መሄድ ጀመርሁ። አንድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስወጣ መኪናዋን አይቼ፣ ልጆቼን ይዤ ጓሮ በኩል ወጥቻለሁ። ሁለት ዓመት ተኩል በዚህ ሁኔታ ኖርሁ። በመጨረሻ የሄድሁት እርሷ ራሷ ታማ ሆስፒታል መተኛቷን ስሰማ ነው። የወንድሟን ነገር ስጀምርላት «አንቺ ሳትመጪ የቀረሽው ተቀይመሽኝ መስሎኝ ምን አድርጌያት ይሆን እያልሁ ስጨነቅ ነበር» አለችኝ።

ወንድሜ፣ አምስት ሳምንት ገና ምንም አይደለም።

የድሮው ሰፈርተኛ
ዓርብ፣ መስከረም 30 ቀን፣ ከጠዋቱ 4 ሰዓት

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ነገ ጠዋት ከባለቤቴ ጋር ለመሄድ ወስነናል። የአምስት ልጆች እናት እንዳሉት አልደወልሁም፤ ሆኖም ብሎክ ቁጥሩን ስለማላውቅ ከእቁብ እናታችን ተቀብያለሁ። እርሳቸው «ብቻህን ልብህ እንዳይከዳህ እኔም እመጣለሁ» ብለው ነበር፤ እግራቸውን ስለሚያማቸው አስቀረኋቸው።

አንድ ነገር ግን ልጠይቅ፦ ጢሙን አይቼ ስለ ፋሽን የተናገርሁትን አንሥቼ ይቅርታ ልበል ወይስ ልተወው?

የአምስት ልጆች እናት
ዓርብ፣ ከቀኑ 7 ሰዓት

ተወው ልጄ። ያን አንሥተህ ደግሞ ልታስቀው ነው?

የሐዘን ቤት ልጅ
ዓርብ፣ ከቀኑ 8 ሰዓት

ቢስቅ ምን አለበት? እኔ ግን ይጠብቁ እላለሁ፤ እርሱ ካነሣው ያንሡት።

የድሮው ሰፈርተኛ
እሑድ፣ ጥቅምት 2 ቀን፣ ከምሽቱ 1 ሰዓት

ትናንት ሄደን ተመለስን። የሆነውን እንደሆነ እጽፋለሁ።

ብሎኮቹ ሁሉ አንድ ዓይነት ስለሆኑ መጀመሪያ የተሳሳተ ደረጃ ወጥተን የማናውቀውን ሰው በር አንኳኳን። የከፈቱልን ሴት የባለቤቴን ነጠላ ሲያዩ «የልቅሶው ቤት በዚያኛው በኩል ነው፣ ሦስተኛ ፎቅ» ብለው መሩን። እዚያም ጎረቤት አለ ማለት ነው።

የከፈተልን እርሱ ነው። የድሮው መምህር «ቲማቲሙን አስመርጠሽ» እንዳሉት የሚባል ነገር ለእኔ አልመጣልኝም፤ አቀፍሁት፣ አለቀስን፣ ባለቤቴም ከእህቱ ጋር አለቀሰች። ከዚያ ተቀመጥን። ዝም ማለት እንደሚባለው ቀላል አይደለም። ግድግዳው ላይ የሰቀሉትን ፎቶግራፍ ላለማየት የሻይ ብርጭቆዎቹን ስቆጥር ነበር። ብዙ ቆይቶ እርሱ ራሱ «ታክሲ ውስጥ ስትጠይቀኝ እንዳልሰማህ ገባኝ» አለኝ። «አላወቅሁም ነበር» አልሁት፤ ስለ ቴሌግራሙ ልጨምር አፌን ስከፍት ባለቤቴ በእግሯ ነካችኝ፤ ተውሁት።

እህቱ ቡና ልታፈላ ስትነሣ ጀበናውን አወቅሁት፤ አንገቱ ላይ በሽቦ የታሰረው የድሮው የእማማ ጀበና ነው። ሽቦውን ያሰርሁት እኔ ነኝ፣ አሥራ ሁለት ወይም አሥራ ሦስት ዓመት ሳይሆነኝ አይቀርም፤ ኳሳችን መትቶ ስለሰነጠቀው። ይህን ስነግራቸው ወዳጄ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀ። «ሰላም በልልኝ ብለኸኝ ነበር» አለኝ፤ «ሰላምታህን አላደረስሁም፣ ያውልህ ራስህ በላት»። ወደ ፎቶግራፉ አመለከተኝ። ተነሥቼ በፊቷ ቆምሁ። ያልሁትን እዚህ አልጽፈውም።

ለአርባው ቀን ወንበርና ድስት የማምጣቱን ሥራ እኔ ወስጃለሁ፤ የድሮው እድራችን እቃ አሁንም አንድ መጋዘን ውስጥ መቀመጡን ያወቅሁትም በዚሁ ምክንያት ነው። የቡድኑን ድምፅ ከፍቻለሁ፤ ዛሬ ብቻ አርባ ሁለት መልእክት ደርሶኛል።

ስንወጣ እስከ ታክሲው ድረስ ሸኘን። እኛ ገብተን ሳንቀመጥ በመስኮቱ እጁን ሰዶ የሁለታችንን ሂሳብ ለረዳቱ ሰጠው። ባለቤቴ ልትከላከል ስትል እጇን ያዝኋት።